ኀዘን ይጠረጋልን?

ኅዳር አጋማሽ ላይ ከቤተሰቤ ዘንድ ወደ ትምህርቴ ስመለስ ሁለቱም መዳፎቼ ተልጠው ነበር። የመኝታ ክፍል ጓደኞቼ «ምን ሆንክ?» ሲሉኝ «ግቢ ሳጸዳ» አልኳቸው። አንደኛው ራሱን ነቅነቅ አደረገና «ደግ አደረግህ፤ ሰው ሲያዝን የሚያስረሳው ሥራ ነው» አለ። ሌላው፣ ፍልስፍና ነገር ስለሚወድ መሰለኝ፣ ከአልጋው ቀና ብሎ «መርሳት እኮ መሸሽ ነው፤ አባትህን ጠርገህ ልታወጣው ኖሯል?» አለኝ። ቀልዱ ይመራል። ግን አልተቀየምኩትም፤ ጥያቄው የኔም ጥያቄ ነበርና። ያን ማታ መልስ ሳልሰጠው ተኛሁ። ይኸ ጽሑፍ እንግዲህ የዘገየ መልስ ነው።

ጥያቄውን በአጭሩ ላስቀምጠው። ሰው ልቡ ሲከብደው፣ ሲያዝን ወይም ሲጸጸት፣ ተነሥቶ እጁን ሥራ ላይ ያሳርፋል። ይጠርጋል፤ ይኮተኩታል፤ ያርማል። ሲጨርስ «ቀለል አለኝ» ይላል። ይኸ መቅለል እውነተኛ ነው ወይስ ራስን ማታለል? እውነተኛስ ቢሆን ተገቢ ነው ወይ? ማለቴ፣ ሰው ሊቀለው የማይገባ ጊዜ የለምን?

ነገሩን በደመና ላይ እንዳንነጋገር የራሴን ላውራ።

ቤታችን ጉለሌ ነው። አባቴ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነበር፤ ከቤቱ ጓሮ ያለችውን ጠባብ መሬት እንደ ትልቅ እርሻ ነበር የሚይዛት። ድንች፣ ጎመን፣ ጌሾ፣ ጤና አዳም፣ አንዲት የኮክ ዛፍ፤ በአጥሩ ጥግ ደግሞ ቅጠልና የወጥ ቤት ትርፍራፊ የሚያበሰብስበት ጉድጓድ። ባለፈው ሐምሌ ስልክ ደወለልኝ። «ልጄ፣ ቦዩ ተደፍኗል። ውሃው ድንቹ ላይ እየተኛ ነው። ሁለት ቀን መጥተህ ብታግዘኝ» አለኝ። እኔም «ፈተና አላለቀም፣ አባባ» አልኩት። ፈተናው አልቆ ነበር። ከጓደኞቼ ጋር ሐይቅ ዳር ልንሄድ ተቀጣጥረን ነበርና ነው። ሄድን፤ ዓሣ በላን፤ ሳቅን። ከሳምንት በኋላ ቤት ስደርስ አባቴ አልጋ ላይ ነበር። ስለ ቦዩ አላነሣም፤ እኔም አላነሣሁም። ነሐሴ 22 ቀን ዐረፈ።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። አባቴን የገደለው ቦይ አይደለም። የቆየ የልብ ሕመም ነበረበት፤ ሐኪሞቹም ያሉን ይኸንኑ ነው። እኔም «ገደልኩት» ብዬ ራሴን በማሳጣት ልዩ ሰው ለመሆን አልፈልግም፤ እርሱም አንድ ዓይነት ትዕቢት ነው። ጥፋቴ ትንሽ ነበረች፤ አንዲት ውሸት፣ ከአሥር ቃል የማትበልጥ። የትንሽ ጥፋት መከራዋ ግን ይኸ ነው፦ የተበደለው ሰው ሲሞት ይቅርታ የምንጠይቅበት በር ይዘጋል፤ ጥፋቷም እዚያው በትንሽነቷ ትቀራለች። አታድግ፣ አትሞት።

ሰማንያው ኅዳር 6 ዋለ። ዘመድ ተሰበሰበ፤ የእድሩ ሰዎች መጡ፤ ተበላ፤ ተጠጣ፤ «ነፍስ ይማር» ተባለ፤ ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ። በማግሥቱ ጠዋት ወደ ጓሮ ብወጣ ሙጃው ወገቤ ድረስ ደርሷል። ከክረምት ጀምሮ የነካው የለም። አካፋው ቦዩ መካከል እንደተተከለ ቆሟል፤ ብረቱ ዝጓል። አባቴ ቦዩን ጀምሮት ኖሯል። እኩሌታው ተጠርጓል፤ እኩሌታው ጭቃ እንደያዘ ደርቋል።

አካፋውን ነቀልኩና ሥራ ጀመርኩ።

ስለ ወራቱ ጥቂት ልበል፤ ለነገሬ ያስፈልገኛልና። ብዙዎቻችን መስከረምን ተከትሎ የሚመጣውን ወቅት «ጸደይ» እንላለን። በአገራችን አቆጣጠር ግን ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ነው፤ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መፀው ይባላል። በፈረንጅ አገር መፀው ቅጠል የሚረግፍበት፣ አትክልተኛ ጓሮውን ለብርዱ ወራት የሚያስተኛበት ነው። የኛ መፀው ጠባዩ ሌላ ነው። ዝናቡ ያቆማል፤ አደይ አበባ ምድሩን ያለብሰዋል፤ ማሳው ወደ መብሰል ይሄዳል። ከዚሁ ጋር ክረምት ሙሉ ማንም ሳያየው ያደገው አረም ሁሉ ብቅ ይላል። ጭቃ ውስጥ ገብቶ ማረም አይቻልም፤ ስለዚህ ክረምት የሰጠንን ሁሉ፣ ደጉንም ክፉውንም፣ የምናየው ሰማዩ ከጠራ በኋላ ነው። ኀዘንም እንደዚሁ ይመስለኛል። ለቅሶው ባለበት ሰሞን፣ ድንኳኑ ሳይነሣ፣ ሰው ምን እንዳጣ አያውቅም። የሚያውቀው ሰዉ ሲበተን፣ ሰማዩ ሲጠራ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ሥራ በቁጣ የተሠራ ነበር። ሙጃውን በማጭድ አጨድኩት። ሳማው እጄን ለበለበኝ፤ ጭጎጎቱ ሹራቤ ላይ ተጣበቀ። ወደ ሰርዶው ስደርስ ዶማ አንሥቼ ከታተፍኩት። እናቴ ከበሩ ላይ ሆና ስታየኝ ቆየችና «ሰርዶ በቁጣ አይወጣም፤ የቆረጥከው ሁሉ ነው የሚበቅለው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሰርዶ በመሬት ውስጥም በመሬት ላይም እየተሳበ፣ በየአንጓው ሥር እየሰደደ የሚሄድ ሣር ነው። አንዱን ለሁለት ብትቆርጠው ሁለት ይሆናል። የሚነቀለው አፈሩን ካላሉ በኋላ፣ አንዱን ሥር ይዘው በርጋታ እስከ መጨረሻው በመከተል ብቻ ነው። በማግሥቱ እንደዚያ አደረግሁ። በግማሽ ቀን የጨረስኩት መሬት ከአንድ አልጋ አይበልጥም።

ያን ማታ ከነሐሴ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልነቃ አደርኩ። «ቀለል አለኝ» የሚሉት ይኸንን ይሆናል። ምክንያቱን ሳስበው ምሥጢር የለበትም። የደከመ አካል ይተኛል። ሌላም አለ፦ ኀዘን ዳርቻ የለውም፤ መደብ ግን አለው። «ዛሬ ከዚህ እስከዚያ ድንጋይ» ትላለህ፤ ትጨርሳለህ። ምንም የማይጨረስበት ሰሞን አንድ የሚጨረስ ነገር ማግኘት ለአእምሮ ትልቅ ዕረፍት ነው። እስከዚህ ድረስ የመጀመሪያው ጓደኛዬ ትክክል ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ልምጣ። «መሸሽ ነው» ብሏል።

በቪየና ይኖር የነበረው ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ በ1917 እ.ኤ.አ. ስለ ኀዘንና ስለ ሜላንኮልያ ባሳተመው ድርሰት ኀዘንን ራሱን የሥራ ዓይነት አድርጎ ነው የሚያየው። ሐሳቡን በኔ ቃል ላስቀምጠው፦ ከሞተው ሰው ጋር ያስተሳሰረን ትዝታና ተስፋ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይፈታም፤ አንድ በአንድ ይነሣል፤ አንድ በአንድ እውነቱን ይጋፈጣል፤ ጊዜና ጉልበት ይበላል። ይኸን ሳነብ ለኛ ሰው እንግዳ ነገር አልመሰለኝም። አባቶቻችን ኀዘንን በቀን ሸንሽነው ሠልስት፣ ሰባት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት ሲሉ ይኸንኑ ማለታቸው አይደለምን? ለእያንዳንዱ ቀን የሚሠራ ሥራ አለው፤ የሚጋገር፣ የሚጠመቅ፣ የሚጠራ ሰው። በቋንቋችንም «እርም አወጣ» ይባላል፤ ለሞተበት ሰው የሚገባውን አለቀሰ ለማለት። «አረም አወጣ» ደግሞ ሌላ ነው። ሥራቸው አንድ ነው አልልም፤ እርም ከግዕዙ «ሐረመ» የመጣ ነው። ጆሮ ላይ ግን ጎረቤታሞች ናቸው፤ ለእኔም በዚያ ሳምንት ሁለቱ ቃላት ተቀላቅለውብኝ ነበር።

እንግዲህ ኀዘን ሥራ ከሆነ፣ ሥራ ሁሉ ግን ኀዘንን መጋፈጥ ነውን? እዚህ ላይ ጓደኛዬ ልክ የሚሆንበት ቦታ አለ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ቡና አፍልታ ጠራችኝ። ጎረቤት አልመጣም፤ ብቻዋን ነበረች። እኔም «ይቺን መደብ ልጨርስና» አልኩ። ሁለተኛም ጠራችኝ። «መጣሁ» አልኩ፤ አልመጣሁም። ቡናው በረደ፤ ስኒውን አነሣችው። መደቡ እኮ እስከ ነገ ቢቆይ የሚሸሸው ነገር አልነበረም። የምሸሸው እኔ ነበርኩ፤ የምሸሸውም የእናቴን ፊትና አጠገቧ ያለውን ባዶ ወንበር። ሥራው ያው ሥራ ነው፤ ዶማውም ያው። ትናንት መጋፈጥ የነበረው ዛሬ ሽሽት ሆነ። ስለዚህ «እጅን በሥራ መጥመድ ሽሽት ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው ጥያቄ ለራሱ ለሥራው ሊቀርብ አይችልም። ሊጠየቅ የሚገባው ሥራው ወዴት ያዞረናል የሚለው ነው። ፊታችንን ወደ ሰው ያዞረዋል ወይስ ጀርባችንን?

በ1759 እ.ኤ.አ. ቮልቴር ያሳተመው «ካንዲድ» የተባለ ልብ ወለድ አለ። በመጽሐፉ ውስጥ የሌለ መከራ የለም፤ ጦርነት፣ ግርፋት፣ በ1755 ሊዝበንን ያወደመው የመሬት መንቀጥቀጥ። መከራው ሁሉ ካለፈ በኋላ ሰዎቹ ክርክራቸውን ትተው ጓሮ ማልማት ይጀምራሉ፤ መጽሐፉም እዚያ ላይ ያልቃል። ይኸን ፍጻሜ ሁለት ዓይነት አንባቢ በሁለት መንገድ ይተረጉመዋል። አንዱ «ዓለምን ተወው፤ በርህን ዝጋና ጎመንህን ኮትኩት» ማለቱ ነው ይላል። ሌላው «ሁሉም የየድርሻውን ይዞ አብሮ መሥራት ጀመረ» ይላል። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ምክንያቱም በዚያ ጓሮ ውስጥ ብቻውን የሚሠራ የለም። ብቻውን ቢሆንስ ኖሮ? ያን ጊዜ አጥሩ ይበልጥ የሚያስፈልገው ከሰው ለመደበቅ በሆነ ነበር።

አሁን ወደሚከብደው ላምራ። አራተኛው ቀን ላይ ቦዩን ጨረስኩት። አባቴ ካቆመበት ጀምሬ እስከ መንገዱ መውረጃ ድረስ ጠረግሁት፤ ጠርዙን በድንጋይ ደገፍኩት። ከጨረስኩ በኋላ በልቤ «ተከፈለ» የሚል ቃል ሰማሁ። ወዲያው አፈርኩ።

ምን ተከፈለ? ለማን? በኅዳር ዝናብ የለም። ድንቹ በስብሶ አልቋል። የጠራኝ ሰው ሞቷል። በሐምሌ ሁለት ቀን የተጠየቅሁትን በኅዳር አራት ቀን ብሠራው ሒሳቡ የሚዘጋ ይመስል! ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው ይባል የለ። የሠራሁት ቦይ ለእኔ ነው የሠራልኝ፤ ውሸቴም ለእኔው ነው የቀረችው። አንዱ ሌላውን አይሰርዝም። ይኸን ሳስብ የተሰማኝ መቅለል ሁሉ የተሰረቀ ዕቃ መስሎ ታየኝ። ከላይ «ሰው ሊቀለው የማይገባ ጊዜ የለምን?» ብዬ የጠየቅሁት ይኸን ይዤ ነው።

ለዚህ መልስ ያገኘሁት ካልጠበቅሁት ቦታ ነው፤ ከኅዳር 12።

አዲስ አበባ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። የኅዳር ሚካኤል ዕለት ሰዉ ግቢውንና ደጃፉን ጠርጎ ቆሻሻውን ይሰበስብና ያቃጥላል፤ ከተማው በጭስ ይሸፈናል። «ኅዳር ሲታጠን» እንላለን። ልጅ ሆነን የጨዋታ ቀን ይመስለን ነበር። መነሻው ግን ኀዘን ነው። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር፣ ማለትም በ1918 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ግድም፣ ዓለምን ሁሉ ሲያዳርስ የነበረው ከባድ ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን መታት። ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» አለው። ዘመኑ የንግሥት ዘውዲቱ ነበር፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን እንኳ ታመው ነው የተረፉት። በከተማዋ በሺህ የሚቆጠር ሰው አለቀ፤ ሐኪሙ ጥቂት፣ በሽተኛው ብዙ ነበር። ጤነኛው ታማሚውን ማስታመም፣ በሕይወት ያለው የሞተውን መቅበር አቃተው። አስቡት፤ ለቀብር ይኸን ያህል ክብር የሚሰጥ ሕዝብ ለወገኑ የሚገባውን ለቅሶ ማድረስ ሲያቅተው!

ሲነገር እንደኖረው ያ የተረፈው ሰው ነው መጥረጊያ አንሥቶ ሰፈሩን የጠረገው፤ ቆሻሻውን ያቃጠለው። በሽታው ከመጥፎ ሽታና ከተበከለ አየር ይመጣል ተብሎ ይታመን ነበርና ነው። እንዲህ ያለው እምነት የኛ ብቻ አልነበረም፤ ፈረንጆች «ማላርያ» የሚሉት ቃል ራሱ በጣልያንኛ «መጥፎ አየር» ማለት ነው።

ዛሬ የምናውቀው ሌላ ነው። ኢንፍሉዌንዛ በቫይረስ የሚመጣ፣ ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽና በሳል የሚተላለፍ በሽታ ነው። ቫይረሱን ተመራማሪዎች ከሰው ለይተው ያወጡት በ1933 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከወረርሽኙ 15 ዓመት በኋላ። ስለዚህ ያ ሁሉ ጠረጋ በሽታውን አላቆመውም። ጭሱ እንዲያውም ሳንባው ለታመመ ሰው ጎጂ ነበር፤ ዛሬም ጎጂ ነው። በሳይንስ ሚዛን ብናየው ሥራው ስሕተት ነበር።

ታዲያ ከንቱ ነበር? እኔ አልልም። ነገር ግን ዋጋውን በትክክል እናስቀምጥ። ያ ጠረጋ መድኃኒት አልነበረም፤ ለሙታኑም የተከፈለ ዕዳ አልነበረም። ያልተቀበረውን በክብር አልቀበረም። የሠራው አንድ ነገር ነው፦ በየቤቱ ተዘግቶ ሞቱን ይጠብቅ የነበረውን ሰው ወደ ደጅ አወጣው። ደጅ የወጣ ሰው ጎረቤቱን ያያል። ማን እንዳለ፣ ማን እንደሌለ፣ የማን በር እንዳልተከፈተ ይለያል። መጥረጊያ የያዘ ሰው የራሱን ደጃፍ ብቻ ጠርጎ አያበቃም፤ ቆሻሻው ከጎረቤቱ ጋር ይገናኛልና። ይኸን የምለው ታሪክ ጸሐፊ ሆኜ አይደለም፤ ዛሬም ድረስ በኅዳር 12 ሰፈራችን ውስጥ የማየው ስለሆነ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሰላምታ ያልተለዋወጡ ሰዎች ያን ቀን ስለ አንድ ክምር ሲከራከሩ ይውላሉ።

የማይፈውስ ሥራ እንግዲህ ዋጋ ሊኖረው ይችላል፤ ግን በአንድ ግዴታ፦ ፈውስ ነው ብሎ መዋሸት የለበትም፤ የሚፈውሰውን ሥራም መተካት የለበትም። በ1911 አንድ ሰው የታመመ ወንድሙን ውሃ ሳያቀምስ ደጁን ሲጠርግ ቢውል ያ ሰው ክፉ ሠርቷል። ጠረጋው ስሕተት ስለሆነ አይደለም፤ ውሃው ስለቀረ ነው። እኔም በሦስተኛው ቀን ቡናው ሲበርድ ያደረግሁት ይኸንኑ ነው። ለሞተው አባቴ ቦይ እየጠረግሁ በሕይወት ያለችውን እናቴን ስኒ አስበርድኩ።

ኅዳር 12 ጠዋት ከእናቴ ጋር ተነሣን። ብርዱ ያንቀጠቅጣል። አምስት ቀን የሰበሰብኩት አረም፣ የኮክ ቅጠል፣ ደረቅ የጎመን አገዳ ክምር ሆኗል። እናቴ «ይታጠን» አለች። እኔ አባቴ ቅጠል ማቃጠል እንደማይወድ አስታወስኳት። እርሱ አስተማሪ ነበርና ሁልጊዜ እያስረዳ ነው፦ ቅጠል ሲቃጠል ለአፈር የሚጠቅመው ናይትሮጅን ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ የሚቀረው አመድ ነው። አፈርና እርጥበት ደርበህ፣ አየር እንዲያገኝ እያገላበጥክ ጉድጓድ ውስጥ ብታበሰብሰው ግን ተመልሶ አፈር ይሆናል። «ትዝ ይለኛል፤ በየዓመቱ እንጣላ ነበር» አለች። ፈገግ ያለች መሰለኝ።

ከዚያ ክምሩን ለየነው። በበሽታ የጠቆረው የድንች ግንድ ጉድጓድ ቢገባ በሽታውን ለከርሞ ስለሚያቆይ ለእሳቱ ሆነ። የሰርዶው ሥርም እንደዚሁ። ላስቲኩን ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች ለየን። የቀረው ሁሉ ጉድጓድ ገባ። እሳቱ ትንሽ ነበር፤ ለወጉ ያህል።

እዚያ እሳት ዳር ነገርኳት። «እማዬ፣ ሐምሌ ላይ አባባ ሲደውል ፈተና አለ ያልኩት ውሸት ነበር» አልኳት። ሐይቁንም፣ ዓሣውንም ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ቀጥላ «ታዲያ ለምን ለራሱ አልነገርከውም?» አለች። «ፈራሁ» አልኳት። ብዙ ቆየች። «እሱም ሲፈራ ዝም ይል ነበር» አለችና መጥረጊያዋን አነሣች። ጭሱ ወደ ታጠበው ልብስ መዞሩን አይታ «በል፣ ያንን ግፋው» አለችኝ። ገፋሁት። ያውቅ እንደነበረ አልጠየቅኋትም፤ እርሷም አልነገረችኝም።

ይቅር አላለችኝም፤ ይቅርታውም የርሷ አልነበረም። ግን ከዚያ በኋላ ቡና ሲፈላ ሳልጠራ ገባሁ።

አሁን ለጓደኞቼ የምመልሰው መልስ ይኸ ነው። ለመጀመሪያው፦ ሥራ አያስረሳም። እኔን ያስታወሰኝ ሥራው ነው፤ አካፋው ቦዩ ውስጥ ቆሞ ባላገኘው ውሸቴን ከሐይቁ ጋር ረስቻት ይሆን ነበር። ለሁለተኛው፦ ሥራ ሁልጊዜ ሽሽት አይደለም፤ ሊሆን ግን ይችላል። መለያውም ቀላል ነው፤ ሰው ሲጠራህ መጥረጊያህን ታስቀምጣለህ ወይ? ለራሴ ደግሞ፦ መቅለል ኃጢአት አይደለም፤ ደረሰኝ ግን አይደለም። «ቀለለኝ» ማለት «ከፈልኩ» ማለት አይሆንም። ለሙት የማይከፈለው ዕዳ ሳይከፈል ይቀራል፤ እርሱን የያዘ ሰው ለሕያዋን ያለበትን ቶሎ ቢከፍል ይሻለዋል።

ያልተነካ ግልግል ያውቃል ይላሉ። እኔም ባልነካ ኖሮ ይኸን ሁሉ በቀላሉ እመክራችሁ ነበር። ስለዚህ ምክር አልሰጥም። አንድ ነገር ብቻ ልለምን። በዚህ መኝታ ቤት ውስጥ ቤተሰብ የሞተበት፣ የተጣላ፣ የበደለ ብዙ ሰው አለ። ከንጋቱ ጀምሮ ልብሱን ሲያጥብ፣ አልጋውን ሲያነጥፍ፣ ክፍሉን ደጋግሞ ሲጠርግ ብታዩት «ምን ሆነ ይኸ ሰው?» ብላችሁ አትሳቁበት፤ «ተወው፣ ይርሳው» ብላችሁም አትለፉት። ባልዲውን ከወዲያ በኩል ያዙለትና አብራችሁ ውሰዱ። ሲፈልግ ይናገራል።

እኔ እነሆ ተናገርኩ። ጉድጓዱ ውስጥ የገባው ቅጠል እስከ ሰኔ አፈር ይሆናል ትላለች እናቴ። ለክረምት ድንች ልንተክልበት ተስማምተናል። ቦዩንም ሐምሌ ላይ፣ ሳልጠራ፣ እጠርገዋለሁ።